በበቆሎ ፍሬ የተቆጠረ እንግሊዝኛ

ባለፈው ጥር፣ ከጥምቀት ማግስት፣ እናቴን ልጠይቅ ደምበጫ ሄጄ ነበር። የያዝኩትን ዘንቢል ገና ሳላስቀምጥ ወደ ጓዳ ጠራችኝና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ይኼን ልጅ አንድ በለው» አለችኝ።

«ይኼ ልጅ» የእህቴ ልጅ ነው። ዐሥራ አራት ዓመቱ ነው። እናትና አባቱ በቡሬ በኩል ገጠር ስለሚኖሩ፣ ከተማ ገብቶ ይማር ተብሎ ከአያቱ ዘንድ ተቀምጧል። ሊማርበት የመጣው ትምህርት ቤት ግን ተዘጋ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ በተቀሰቀሰው ግጭት ምክንያት ስንት ልጅ ከቤት እንደዋለ፣ ምዕራብ ጎጃም ዘመድ ያለው አንባቢ ሁሉ ያውቀዋል። የእኛም ልጅ ከእነዚያ አንዱ ነው።

«ምን አድርጎ ነው?» አልኳት።

«እንግሊዝኛ አልማርም ብሏል። መጽሐፉን ቆጥ ላይ ወርውሮታል። ትምህርት ቤቱስ የተዘጋው በሰው እጅ ነው፣ አንድ ቀን ይከፈታል። እሱ ግን በገዛ እጁ ልቡን ዘጋው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

እናቴ ነገር ማለባበስ አታውቅም። «አንተ በስልክ ከሳቅክበት ቀን ጀምሮ» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ስልክ ደውዬ ነበር። ልጁ ከትምህርት እንዳይርቅ አስቤ፣ «እስቲ ከእንግሊዝኛ መጽሐፍህ አንድ መስመር አንብብልኝ» አልኩት። ስልኩ በድምፅ ማጉያ ተከፍቶ ነበር። የእሱ እኩያ የሆነችው ልጄ አጠገቤ ተቀምጣ ትሰማለች። እሷ አዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤት ነው የምትማረው፤ አንድም ቀን በጥይት ድምፅ ምክንያት ከክፍል አልቀረችም። ልጁ ማንበብ ጀመረ። መሐል ላይ ኬ-ኤን-ኦ-ደብሊው-ኤል-ኢ-ዲ-ጂ-ኢ ተብሎ የሚጻፍ ቃል ገጠመው። ትክክለኛው አነባበብ «ኖሌጅ» ነው። እሱ ግን አንዲት ፊደል ሳያስቀር «ክኖውሌድጌ» ብሎ አነበበው። ልጄ ከት ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ በኋላ ነው «አይ፣ እንዲህ አይደለም» ብዬ ያረምኩት። ቃሉ ዕውቀት ማለት ነው። በዕውቀት ስም ልጅ አሳፈርኩ ማለት ነው።

ከዚያን ቀን ወዲህ ስደውል «ውጭ ወጥቷል» ይሉኛል። እኔም አምኜ ተቀምጬ ነበር።

ጉዳዩ ቀላል እንዳይመስላችሁ። በአገራችን እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ይሰጣል። ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ ግን ነገሩ ይለወጣል። በትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲው መሠረት የሁለተኛ ደረጃ ማስተማሪያ ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ታሪኩም፣ ባዮሎጂውም፣ ፊዚክሱም በእንግሊዝኛ ይመጣል። እንግሊዝኛን የፈራ ልጅ አንድ ትምህርት አይደለም የፈራው፤ ሁሉንም ነው። ከክፍል ርቆ የከረመ ልጅ ደግሞ ትምህርት ቤቱ ቢከፈት እንኳ ወደዚያ በር ለመመለስ እግሩ ይከብደዋል።

ያን ዕለት ማታ ልጁን ከመደቡ ላይ አጠገቤ አስቀመጥኩትና ይቅርታ ጠየቅሁት። ትልቅ ሰው ልጅን ይቅርታ ሲጠይቅ በእኛ ቤት የተለመደ ስላልነበረ እሱም አፈረ፣ እኔም አፈርኩ። ቀጥሎ ስለዚያች «ኬ» ነገርኩት። እንግሊዞች ራሳቸው በድሮ ዘመን «ኬ»ን በእንዲህ ያሉ ቃላት መጀመሪያ ላይ ይጠሯት ነበር። ዘመን ሲለወጥ ድምፁ ከአፋቸው ጠፋ፤ ፊደሉ ግን ከወረቀታቸው ላይ ቀረ። «አንተ የተሳሳትከው በጥቂት መቶ ዓመታት ብቻ ነው» አልኩት። ፈገግ ሊል ፈለገና ተወው።

እናቴ ከምድጃው ዳር ሆና ታዳምጥ ነበር። «የእኛስ ሀሌታው ሀ እና ሐመሩ ሐ ሁለት የሆኑት ለምንድን ነው? ድምፃቸው አንድ አይደል?» አለች። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ሟቹ አባቴ ግን በወጣትነቱ የቆሎ ተማሪ ነበርና፣ ከእሱ ስትሰማ የኖረችው ብዙ ነገር አላት። ልክ ናት። ሠ እና ሰ፣ ጸ እና ፀ፣ አ እና ዐ ጥንት ሁለት የተለያየ ድምፅ ነበራቸው፤ በአማርኛ ዛሬ አንድ ሆነዋል፣ ፊደሎቹ ግን አሉ። እንግሊዝኛም እንደ እኛው ያረጀ ቤት ነው፤ የማይኖርባቸው ክፍሎች አሉት።

ልጁ ይህን ሲሰማ ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ።

በሰፈሩ የሚኖር አንድ ወጣት መምህር አለ። ትምህርት ቤቱ ከተዘጋ ወዲህ ለጎረቤት ልጆች አልፎ አልፎ በእጁ የጻፈውን ጥያቄ ያድላቸዋል። ወረቀቱ ላይ አራት መስመር አለ። ትእዛዙ «እነዚህ ፊደላት ያሉበትን፣ የቻልከውን ያህል ረጅም የእንግሊዝኛ ቃል ፈልግ» የሚል ነው። በመጀመሪያው መስመር ኤም፣ ቢ፣ ኤል። በሁለተኛው ኤን፣ ኤስ፣ ኤፍ። በሦስተኛው ኤፍ፣ ቢ፣ ሲ። አራተኛው ከባዱ ነው፦ አምስቱም የእንግሊዝኛ አናባቢ ፊደላት፣ ማለትም ኤ፣ ኢ፣ አይ፣ ኦ እና ዩ፣ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ጊዜ ብቻ የሚገኙበት ቃል።

«ኢንተርኔት ካለ በአንድ ደቂቃ ይገኛል» አልኩ ሳላስብ። ልጁ ዝም ብሎ አየኝ። በክልሉ ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር፣ ያን ማታም ስልኬ ላይ አንዲት የኔትወርክ መስመር እንኳ እንዳልነበረች ትዝ አለኝ።

ቤት ውስጥ ያለው አባቴ የገዛው አሮጌ የእንግሊዝኛ-አማርኛ መዝገበ ቃላት ብቻ ነው። መዝገበ ቃላት ደግሞ ለዚህ ጥያቄ ግማሽ መሣሪያ ነው። ቃላቱ የተደረደሩት በመጀመሪያ ፊደላቸው ነው። «በኤም የሚጀምር» ብትለው ወዲያው ያሳይሃል። «ኤም መሐሉ ላይ ያለ» ብትለው ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገጽ መግለጥ ይኖርብሃል። ስለዚህ ቃሉ መጀመሪያ ከሰው አእምሮ መውጣት አለበት፤ መዝገበ ቃላቱ የሚያገለግለው ለማረጋገጫ ነው።

«ከየት ላመጣው ነው?» አለ ልጁ። «እኔ ረጅም እንግሊዝኛ አላውቅም።»

ይህን ጊዜ እናቴ፣ «ፊደሎቹ ሲጠሩ ምን ይላሉ? በእኛ አፍ ጥራልኝ» አለችው።

«ም፣ ብ፣ ል» አላት።

ቡናውን እየቀዳች ታጉተመትም ጀመር። «ም... ብ... ል... ምብል...» ከዚያ ጀበናውን ብድግ አድርጋ፣ «አምቡላንስ!» አለች።

ልጁ ሳቀ። «እምዬ፣ እሱ እኮ አማርኛ ነው።»

«የጎረቤታችንን ልጅ ምጥ ይዟት ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ያደረሳት አማርኛ ነው? ፈረንጅ የሠራው መኪና አይደለም እንዴ? ፈልገው!»

ልጁ መዝገበ ቃላቱን ገለጠ። አገኘው። እሱ በኤስ የሚያልቅ መስሎት ነበር፤ መጽሐፉ ግን በሲ እና በኢ ነው የሚያልቀው አለው። ኤ-ኤም-ቢ-ዩ-ኤል-ኤ-ኤን-ሲ-ኢ። በቆሎው ተፈልፍሎ ያለቀበት ወቅት ነውና ከእንቅቡ ፍሬ ዘግኖ በእያንዳንዱ ፊደል ላይ አንድ አንድ አስቀመጠ። ዘጠኝ ፍሬ ሆነ።

ለሁለተኛው መስመር እናቴ ብዙም አልቆየችም። «ን፣ ስ፣ ፍ» ስትባል፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ሰፈሩ ሁሉ የሚያነሳውን ስም ጠራች፤ «ትራንስፎርመር!» ዐሥራ አንድ ፍሬ። መዝገበ ቃላቱን እያየን ቃሉን ሰነጣጠቅነው። «ትራንስ» ማሻገርን፣ ማዛወርን ያመለክታል። «ፎርም» ቅርፅ ነው። መጨረሻ ላይ ያለችው «ኢ-አር» ደግሞ አድራጊውን የምታሳይ ናት። ከ«ማስተማር» «አስተማሪ»፣ ከ«መለወጥ» «ለዋጭ» እንደምንለው ማለት ነው። ረጅሙ ቃል ሦስት አጫጭር ቃል ሆኖ መደቡ ላይ ተዘረጋ።

ልጁ ያን ማታ የተናገረው አንድ ነገር እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። «እምዬ እኮ እንግሊዝኛ ታውቃለች» አለ።

በሁለተኛው ማታ ተራው የኤፍ፣ የቢና የሲ ነበር። እናቴ ዝግጁ ሆና ነበር የጠበቀችን። «ፋብሪካ!» አለች። ልጁ ፈለገ፤ የለም። ለካ «ፋብሪካ» ከእንግሊዝኛ ሳይሆን ከጣሊያንኛ የወረስነው ነው። «መኪና»፣ «ጎማ» እና «ካልሲ» እንዲሁ ናቸው። እንግሊዞች ፋብሪካን በሌላ ስም ነው የሚጠሩት። እናቴ ቅር አላት። ልጁ ግን ገጹን አልከደነም። እዚያው አጠገብ ኤፍ-ኤ-ቢ-አር-አይ-ሲ የሚል ቃል አገኘ፤ «ፋብሪክ» ይነበባል፣ ጨርቅ ማለት ነው። ስድስት ፍሬ ብቻ። ትንሽ ዝቅ ብሎ ደግሞ ያው ቃል ጅራት አብቅሎ ቆሟል። ከሲ በኋላ ኤ-ቲ-አይ-ኦ-ኤን ተጨምሮበት «ፋብሪኬሽን» ሆኗል፤ ሠርቶ ማውጣት፣ አንዳንዴም ፈጥሮ ማውራት ማለት ነው። ዐሥራ አንድ ፍሬ። የእናቴ ጣሊያንኛ ሳታስበው ወደ ረጅሙ እንግሊዝኛ አደረሰችው።

ትልቁ ምሥጢር የተገለጠው እዚህ ላይ ነው። እንግሊዝኛ ቃል የሚረዝመው እንደ እኛው ቃል ከፊትና ከኋላ እየተቀጠለ ነው። ለልጁ «የማይነበብ» የሚለውን ቃል ሰጥቼ ሰንጥቀው አልኩት። ሳይቸገር «የ-ማይ-ነበብ» አለ። እንግሊዝኛውም ሦስት ስንጥቅ ነው፦ «አን» (ማይ)፣ «ሪድ» (ማንበብ)፣ «ኤብል» (የሚቻል)፤ በአንድ ላይ ዐሥር ፊደል። «ጥንቃቄ የለሽነት» የሚለውን ደግሞ ተመልከቱት። «ኬር» ጥንቃቄ፣ «ሌስ» የለሽ፣ «ነስ» ነት። ቁርጥ የእኛው አሠራር! ዐሥራ ሁለት ፊደል ያለው ቃል በአማርኛ ሚዛን ተመዘነ። በራሱ ቋንቋ ቃል መሰንጠቅ የሚችል ልጅ፣ የሰው ቋንቋ ለመሰንጠቅ ግማሹን መንገድ ሄዷል። ያደግነው ቅኔ በሚቆጠርበት አገር ነው። አንዱን ቃል ሰንጥቆ ሰምና ወርቅ ማውጣት ለጎጃም ልጅ እንግዳ ነገር አይደለም።

ሦስተኛው ማታ ከባዱ መስመር ደረሰ። አምስቱም አናባቢ፣ እያንዳንዱ አንድ ጊዜ።

ይህ ለእኛ ልጆች ለምን እንደሚከብድ ወላጆች ልታውቁት ይገባል። በእኛ ፊደል አናባቢው ብቻውን አይቆምም። ከተነባቢው ጋር ተዋሕዶ፣ እግር ወይም ቀለበት ሆኖ ይቀጠላል። 33ቱ ፊደላት ከግዕዝ እስከ ሳብዕ በ7 ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ እያንዳንዱ አናባቢውን በጉያው ይዞ ነው የሚኖረው። እንግሊዝኛ 26 ፊደል ብቻ አለው። አናባቢዎቹ ለብቻቸው ተነጥለው ይጻፋሉ፤ ደግሞም አንዷ ፊደል በየቃሉ ድምፅዋን ትለዋውጣለች። ስለዚህ የእኛ ልጅ እንግሊዝኛ ሲጽፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳተው በአናባቢው ነው። መምህሩ ይህን ጥያቄ ያለ ምክንያት አልሰጠም።

እናቴ ያላትን ሁሉ አዋጣች። «ኮሙኒኬሽን» አለች። ዐሥራ ሦስት ፍሬ ፈጀ፤ ግን ኢ የለበትም፣ ኦ እና አይ ደግሞ ሁለት ሁለት ጊዜ ገብተዋል። «ዩኒቨርሲቲ» አለች። ኤም ኦም የለበትም። ልጁ ራሱ «ሬቮሉሽን» የሚል ቃል አመጣ፤ ኦ ሁለቴ ገባበት፣ ኤ ጠፋበት። ፍሬዎቹ መደቡ ላይ ተበታተኑ።

መልሱን አውቀው ነበር። ከአፌ እንዳይወጣ ቡናዬን አነሳሁ። አንድ ነገር ብቻ አልኩት፤ «ትናንት ያገኘኸውን ጅራት አስቀድመህ ያዝ።»

ቲ-አይ-ኦ-ኤንን ያዘ። በዚህ ጅራት ውስጥ አይ እና ኦ አሉ። ስለዚህ ከፊት ለፊቱ የሚቀሩት ኤ፣ ኢ እና ዩ ብቻ ናቸው። ጥያቄው ጠበበ። መዝገበ ቃላቱን በኤ ሞከረ፣ በዩ ሞከረ፣ ዓይኑ ደከመ። «ምናልባት ከትምህርት መጽሐፌ ውስጥ ይኖር ይሆናል» አለና ተነሳ። መሰላሉን አስጠግቶ ቆጡ ላይ ወጣ። የወረወረውን መጽሐፍ ይዞ ወረደ። ሽፋኑ አቧራ ለብሶ ነበር። በክንዱ ጠረገው። ጠረገውና ባለበት ቆመ።

ሽፋኑ ላይ ከተጻፈው የመሥሪያ ቤት ስም መሐል አንዱን ቃል በጣቱ ይከተል ጀመር። ኢ። ዲ። ዩ። ሲ። ኤ። ቲ። አይ። ኦ። ኤን። ፍሬ አምጥቶ አናባቢዎቹን ብቻ ሸፈናቸው። አምስት ፍሬ። እያንዳንዱ አንድ ጊዜ።

«ኤዱኬሽን!» አለ።

«ምን ማለት ነው?» አለች እናቴ።

«ትምህርት።»

እናቴ ጥቂት ዝም አለችና፣ «እህ! ይኼን ሁሉ ስንለፋ ቆጥ ላይ ነበራ!» አለች።

መጽሐፉ ከዚያ ወዲያ ቆጥ ላይ አልተመለሰም።

ይህን ታሪክ የጻፍኩት ጨዋታ ትምህርት ቤትን ይተካል ለማለት አይደለም። አይተካም። ልጆቻችን የሚያስፈልጋቸው የተከፈተ በር፣ መምህርና ጓደኛ ነው። ነገር ግን በሩ እስኪከፈት ድረስ የልጁ ልብ እንዳይዘጋ ማድረግ ይቻላል፤ ለዚህ ደግሞ እንግሊዝኛ ማወቅ ግድ አይደለም። ልሞክረው ለምትሉ አያቶችና ወላጆች ያየሁትን ላካፍላችሁ።

አንደኛ፣ ቃሉን እናንተ ስጡ። ላቦራቶሪ፣ ጄኔሬተር፣ ኮንትራክተር፣ ኮንዶሚኒየም፣ ቴሌቪዥን፦ ሁላችንም በየቀኑ የምንጠራቸው ረጃጅም የእንግሊዝኛ ቃላት ናቸው። እናንተ ጥሩ፤ ልጁ ይጻፍ፣ ያረጋግጥ፣ ይቁጠር። ኮንዶሚኒየም ዐሥራ አንድ ፍሬ ነው፤ ቴሌቪዥን ዐሥር። ልጁ የማያውቀውን ከእናንተ አፍ ሲያገኝ ይገረማል፤ እናንተም ከልጁ የንባብ ሕይወት ውጭ አትሆኑም።

ሁለተኛ፣ ልጁ በብርቅዬው ፊደል ይጀምር። በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አልፍሬድ በትስ የሚባል አሜሪካዊ የሕንፃ ንድፍ ባለሙያ፣ በኢኮኖሚው ቀውስ ሥራ ፈትቶ ሳለ፣ በኋላ «ስክራብል» የተባለውን የቃላት ጨዋታ ፈጠረ። የፊደሎቹን ዋጋ የወሰነው ጋዜጣ እየዘረጋ የትኛው ፊደል ስንት ጊዜ እንደሚመጣ በመቁጠር ነው። በእንግሊዝኛው ጨዋታ ካሉት 100 ጠጠሮች ውስጥ ኢ 12 ጊዜ ትገኛለች፤ ዋጋዋም 1 ነጥብ ነው። ኪው እና ዜድ ግን አንድ አንድ ብቻ ናቸው፤ ዋጋቸው 10 ነጥብ ነው። ስለዚህ ከተሰጡት ፊደላት መሐል ኪው፣ ዜድ፣ ጄ ወይም ኤክስ ካለ ፍለጋው ከእሱ ይጀመር፤ የሚገኙባቸው ቃላት ጥቂት ናቸውና ሜዳው ይጠብባል። ኪውን ካገኘ ደግሞ ቀጥላ የምትመጣው ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ዩ ናት።

ሦስተኛ፣ ጅራቱን ይፈልግ። ቲ-አይ-ኦ-ኤን፣ ኤም-ኢ-ኤን-ቲ፣ ኤን-ኢ-ኤስ-ኤስ፣ ኤ-ቢ-ኤል-ኢ። እነዚህን አራት ጅራቶች የያዘ ልጅ አጭሩን ቃል ማስረዘም፣ ረጅሙንም ማሳጠር ይችላል። አንድም ፊደል የማይደገምበት ዐሥራ አምስት ፊደል ያለው የታወቀ ቃል አለ፤ «አንኮፒራይተብል» ይባላል። ሲያዩት ያስፈራል። ሲሰነጠቅ ግን «አን»፣ «ኮፒ»፣ «ራይት» እና «ኤብል» ነው፤ የቅጂ መብት ሊሰጠው የማይችል ማለት ነው። «ኮፒ»ን የማያውቅ ማን አለ?

አራተኛ፣ ርዝመት ብቻውን አያስደንቃችሁ። በትልልቅ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ውስጥ 45 ፊደል ያለው አንድ የሳንባ በሽታ ስም አለ። ከደቃቅ የድንጋይ አቧራ የሚመጣ በሽታ ነው። ያን ስም ግን ሐኪሞች ለሥራ አላወጡትም፤ በ1935 (እ.ኤ.አ.) የእንቆቅልሽ ወዳጆች ማኅበር መሪ የነበረ አሜሪካዊ ለርዝመቱ ሲል የፈጠረው ነው። ልጆቻችሁ የሚጠቅማቸው ነገ መጽሐፋቸው ውስጥ የሚያገኙት ቃል ነው። ዕፀዋት በብርሃን ምግብ የሚያዘጋጁበትን ሂደት የሚጠራው «ፎቶሲንተሲስ» 14 ፊደል ነው። «ፎቶ» በግሪክኛ ብርሃን ነው፤ «ሲንተሲስ» ማቀናጀት። ግድግዳችን ላይ የተሰቀለውም ፎቶ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ከብርሃን ነው።

አምስተኛውና የመጨረሻው፣ አትሳቁ። ልጅ ሲሳሳት አብራችሁ ልትስቁ ትችላላችሁ፤ በልጁ ላይ ግን አትሳቁ። በተለይ በእኩያው ፊት። የእኔ አንድ ሳቅ ወራት ፈጅታለች።

አዲስ አበባ ከተመለስኩ ከሁለት ሳምንት በኋላ ስልኬ ጮኸ። የደወለው ልጁ ራሱ ነው። ከሰላምታው በኋላ፣ «ጋሼ፣ ድምፅ ማጉያው ላይ ያድርጉትና እሷን ይጥሩልኝ» አለኝ። ልጄን ጠራኋት።

«አምስቱም አናባቢ አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ያሉበት የእንግሊዝኛ ቃል ንገሪኝ» አላት።

«ቀላል ነው፣ ቆይ» አለች። ቆየች። ወረቀት አመጣች። ስልኳን ልታነሳ ስትል፣ «ኢንተርኔት አይፈቀድም፤ እኛም አልፈቀደልንም» አላት። ለነገ ተቀጣጠሩ። በማግስቱ ማታ ሲደውል ልጄ እንዳልቻለች አመነች። የምትናገረው የጥናት ጠረጴዛዋ ላይ ተቀምጣ ነው። ዙሪያዋን የመማሪያ መጽሐፍ ተደርድሯል።

«ፍንጭ ልስጥሽ?» አላት።

«ስጠኝ።»

«ከመጽሐፍሽ ሽፋን ላይ አቧራውን ጥረጊ።»

ከወዲያኛው ጫፍ የእናቴ ሳቅ ተሰማ።